የማያረጅ ጀግና ዕዳ

«ዕድሜና መስታወት ብዙ ያሳያል» ይላል ያገራችን ሰው። ሰማንያ ዓመት ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ አንዲትም ሽበት ያላየ ሰው ቢገኝስ ምን እንለዋለን? በአሜሪካ የኮሚክ መጽሔቶች ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሞልተዋል። ሱፐርማንና ባትማን፣ ካፒቴን አሜሪካና ስፓይደርማን በልደታቸው ቢቆጠሩ የአባቶቻችንና የአያቶቻችን እኩዮች ናቸው፤ በመልካቸው ግን ዛሬም ጎልማሶች። እነዚህ ልዕለ ጀግኖች እንደ አንባቢዎቻቸው ዓመት በዓመት ሊያረጁ ይገባቸዋልን? ጥያቄው ሲታይ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን የሚጠይቀን ስለ ታሪክና ስለ ትውስታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከመነሻው እንያዘው። በ1938 ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ያደጉ ሁለት የ23 ዓመት ወጣቶች የፈጠሩት ሱፐርማን «አክሽን ኮሚክስ» በተባለ መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ላይ ታተመ። ደራሲው ሲገልና ሠዓሊው ሹስተር የጀግናውን ባለቤትነት ለአሳታሚው ያስረከቡት በ130 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ ጊዜ በሁለቱ ላይ ሥራውን ሠራ። በ1975 ሁለቱም 61 ዓመት ሲሞላቸው የሹስተር ዓይን እየደከመ፣ ሲገልም በዝቅተኛ ደመወዝ ቢሮ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አቤቱታቸው በጋዜጦች ከተሰማ በኋላ የአሳታሚው ባለቤት የሆነው የዋርነር ኩባንያ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ሊከፍልና ስማቸውን ከሱፐርማን ታሪኮች ራስጌ ሊመልስ ተስማማ። ሹስተር በ1992፣ ሲገል በ1996 አረፉ። ፈጣሪዎቹ አርጅተው አለፉ፤ ፍጡሩ ግን ያኔም የሠላሳ ዓመት ገደማ ጎልማሳ ነበር።

ከዚህ የሕይወት ታሪክ አንድ ቁም ነገር ይገኛል። ጀግናው ሳያረጅ የቀረው በደራሲ ምናብ ብቻ አይደለም። ንብረት ስለሆነም ነው። አሳታሚ ኩባንያ ያለማቋረጥ የሚሸጥ ዕቃ እንዲያረጅበት አይፈልግም። ያረጀ ጀግና ይሞታል፤ የሞተ ጀግና ደግሞ በሚቀጥለው ወር መጽሔት ላይ አይወጣም።

ጣሊያናዊው ደራሲና ሊቅ ኡምቤርቶ ኤኮ በ1962 ስለ ሱፐርማን በጻፈው ዝነኛ ድርሰት ይህን ምስጢር በረቀቀ መንገድ አብራርቶታል። የጥንት አፈ ታሪክ ጀግና ታሪኩ ያለቀ ነው፤ መጨረሻውን ሁሉም ያውቀዋል። የልብ ወለድ ጀግና ግን ነገ ምን እንደሚገጥመው አይታወቅም። ሱፐርማን ሁለቱንም እንዲሆን ተፈርዶበታል። እንደ አፈ ታሪክ የማይለወጥ ሐውልት ነው፤ እንደ ልብ ወለድ ደግሞ በየሳምንቱና በየወሩ አዲስ ነገር ሊገጥመው ይገባል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው አንድ ድርጊት በፈጸመ ቁጥር ከዕድሜው ላይ ይቀንሳል፣ ወደ ሞቱም አንድ እርምጃ ይጠጋል። ጀግናው እንዳያልቅ ታዲያ ጊዜው መደብዘዝ አለበት። እያንዳንዱ ታሪክ ያለፈው እንዳልነበረ ሆኖ ይጀመራል፤ የትናንቱ ከዛሬው፣ የዛሬው ከነገው አይያያዝም። ኤኮ ይህን የሕልም ድባብ ከመሰለ ነገር ጋር አነጻጽሮታል። በሕልም ውስጥ ደግሞ «ትናንት» የሚባል ነገር የለም።

ከሱፐርማን በፊት ግን በሥዕል የሚነገር ታሪክ ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ያሳዩ ሰዎች ነበሩ። ፍራንክ ኪንግ የተባለ ሠዓሊ በ1918 «ጋሶሊን አሌይ» የተሰኘ የሥዕል ታሪክ በጋዜጣ ይጀምራል። በየካቲት 14 ቀን 1921 ዎልት ዎሌት የተባለው ወንደላጤ ባለታሪክ ደጃፉ ላይ የተጣለ ሕፃን ያገኛል። ስኪዚክስ የተባለው ይህ ሕፃን እንደ ሌሎቹ የጋዜጣ ልጆች ሕፃን ሆኖ አልቀረም። ዳዴ አለ፣ ተማሪ ቤት ገባ፣ ወጣት ሆነ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመተ፣ አገባ፣ ወለደ። በዚያው ዓመት ልጅ የወለደ አንባቢ የገዛ ልጁንና የጋዜጣውን ልጅ ጎን ለጎን አሳደገ ማለት ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚበር ሰው የለም፤ ተአምሩ የቀን መቁጠሪያው ነበር።

ጭንብል ለባሾቹም ቢሆኑ ከመጀመሪያው አንድ ብልሃት ነበራቸው። ሊ ፎክ በ1936 የፈጠረው ፋንተም «የማይሞተው ሰው» እየተባለ ይፈራል። እውነቱን የሚያውቀው አንባቢው ነው። ጭንብሉ ከ1536 ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ አሁን የለበሰው ሃያ አንደኛው ነው። ሰውየው ይሞታል፣ ስሙ ግን ይኖራል። ሟችነትንና ዘላለማዊነትን እንዲህ በአንድ ልብስ ያስታረቀ ሐሳብ በዚህ የጥበብ ዘርፍ ከዚያ በኋላ የተገኘ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ በዚህ ውስጥ አንድ ምፀት አለ። በታሪኩ ስሌት ከ1536 እስከ 1936 ባሉት 400 ዓመታት ጭንብሉ ሃያ ጊዜ ተላልፏል፤ በአማካይ በየሃያ ዓመቱ አንድ ጊዜ መሆኑ ነው። ከ1936 ወዲህ ባሉት ሰማንያና ከዚያ በላይ ዓመታት ግን በዋናው ታሪክ አንድ ጊዜ እንኳ አልተላለፈም። ሃያ አንደኛው ፋንተም ሊያገባ የቻለውም ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1977 ነው። ውርስን የፈጠረው ሐሳብ ራሱ ገበያው ሲመጣበት ወራሽ አጣ።

የስፓይደርማን ታሪክ ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል፤ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሮ ሳለ እንዲቆም ተደርጓልና። ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ በ1962 ፒተር ፓርከርን ሲያቀርቡት የ15 ዓመት ተማሪ ነበር። በ1965 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እስከዚህ ድረስ ዕድሜው ከአንባቢዎቹ ዕድሜ ጋር እኩል ይራመዳል። ከዚያ በኋላ ግን እግሩ ከበደ። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀው በ1978 ነው፤ የአራት ዓመት ትምህርት አሥራ ሦስት ዓመት ፈጀ። ቢሆንም ሕይወቱ ወደ ፊት መሄዱን አላቆመም ነበር። በ1973 ፍቅረኛው ግዌን ስቴሲ ሞተች። ሞቷ አልተሻረም፤ ያን ዘመን ያነበቡ ሰዎችም እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት ለዚሁ ነው። በ1987 ሜሪ ጄንን አገባ።

በ2007 ማብቂያ የሆነውን ግን ብዙ አንባቢዎች ይቅር ለማለት ተቸግረዋል። በዚያ ታሪክ ፒተርና ሚስቱ የአክስት ሜይን ሕይወት ለማትረፍ ትዳራቸውን ሜፊስቶ ለተባለው ጋኔን አሳልፈው ይሰጣሉ፤ ሃያ ዓመት የቆየው ጋብቻም እንዳልነበረ ይሆናል። አሳታሚው ያገባ ሰው ለወጣት አንባቢ ያረጀ መስሎ እንደሚታይ ያምን ነበር። ልብ በሉ፤ ጀግናው ከጋኔን ጋር የተዋዋለው አክስቱ እንዳትሞት ነው፤ አክስቱ ደግሞ በ1962ም አሮጊት ነበረች። ሞት ከነጭራሹ የተከለከለበት ዓለም የሚከፍለው ሌላ ነገር ይፈልጋልና ፍቅርን ከፈለ። ቺፕ ዝዳርስኪና ማርክ ባግሊ በ2019 ባሳተሙት ስድስት ክፍል ያለው ሥራ ይኸው ፒተር ከአሥር ዓመት ወደ አሥር ዓመት እየተሻገረ፣ ከቬትናም ጦርነት ዘመን ተነሥቶ እስከ እርጅናው ድረስ ተተርኳል። ከዋናው ታሪክ ውጭ የተሠራ ቢሆንም፣ የቆመው ሰዓት ቢቀጥል ኖሮ ምን ዓይነት ሕይወት እናነብ እንደነበር አሳይቶናል።

አሳታሚዎች የዕድሜን ጥያቄ የሚሸሹበት የታወቀ ዘዴ አላቸው፤ «ተንሸራታች ዘመን» ልንለው እንችላለን። ጀግናው ሥራውን የጀመረው ሁልጊዜ «ከጥቂት ዓመታት በፊት» ነው። ዛሬ ወደ ፊት ሲሄድ የታሪኩ መነሻም ተከትሎ ይንሸራተታል። በ1963 የታተመው አይረን ማን፣ ቶኒ ስታርክ፣ የቆሰለውና የተማረከው በቬትናም ነበር። በ2008ቱ ፊልም ቦታው አፍጋኒስታን ሆነ። በ2019 ደግሞ ማርቨል በየትኛውም ካርታ ላይ የሌለ «የሲያንኮንግ ጦርነት» የሚባል ፈጠረ፤ በቬትናም የዘመቱ ጀግኖች ሁሉ ዘመን በማይጠቅሰው በዚህ ጦርነት እንደ ዘመቱ ተቆጠረ። መፍትሔው ለሒሳቡ ምቹ ነው። ነገር ግን ቬትናም ስም ብቻ አልነበረም። አንድ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ቆስሎ ልቡ የተመለሰበት፣ አንባቢውም ወንድሙን የላከበት ጦርነት ነበር። ሲያንኮንግ ግን የማንንም ወንድም አልወሰደም።

የካፒቴን አሜሪካም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ በ1941 ፈጠሩት፤ በ1964 ደግሞ ከጦርነቱ ማብቂያ ጀምሮ በበረዶ ውስጥ ሲቆይ በሕይወት ተገኘ ተባለ። በዚያን ጊዜ እንቅልፉ ሃያ ዓመት ያህል ነበር። ሃያ ዓመት የተኛ ሰው ሲነቃ ጓደኞቹ ሸብተዋል እንጂ አልሞቱም። ስለዚህ በ1966 የተዋወቃት ሻረን ካርተር የጦርነት ጊዜ ፍቅረኛው ታናሽ እህት ልትሆን ቻለች። ዘመኑ ሲንሸራተት እህትነቱ ሊሆን የማይችል ሆነ፤ የእህት ወይም የወንድም ልጅ ናት ተባለ። በ2011ዱ ፊልም እንቅልፉ ወደ 70 ዓመት ተጠግቷል። አንባቢ ሆይ፣ የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ እንዳይመስልህ። በ1964 የነቃው ሰው ሐዘኑ ያመለጠው ወጣትነት ነበር፤ ዛሬ የሚነቃው ሰው ግን ትውልዱን በሙሉ ቀብሮ የተነሣ ነው። በረዶው በረዘመ ቁጥር የሰውየው ነፍስ ሌላ ይሆናል።

ከሁሉም ይልቅ የሚከብደው ግን የማግኔቶ ጉዳይ ነው። በ1963 ሲፈጠር ያለፈ ታሪክ ያልተጻፈለት ተራ ክፉ ሰው ነበር። በ1981 ደራሲው ክሪስ ክሌርሞንት ልጅነቱን በአውሽዊትዝ የሞት ካምፕ ያሳለፈ ሰው አደረገው። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ማግኔቶ ሌላ ሰው ሆነ። የሰው ልጅ የተለየውን እንደሚያጠፋ በዓይኑ አይቷልና፣ ጥፋቱ ባይሻርም ምክንያቱን እንሰማለን። ይህ ቁስል ቀን አለው። ካምፑ ነፃ የወጣው በጃንዋሪ 1945 ነው። በዚያን ዓመት የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠናን ተሻግሯል።

ታዲያ ምን ይሁን? ቁስሉን ማንሸራተት አይቻልም፤ ለሆሎኮስት «ሲያንኮንግ» ሊፈጠርለት አይገባም፤ ማንም አልደፈረውም። ከአውሽዊትዝ ታሪክ በፊት፣ በ1974 በወጣ አንድ ታሪክ ማግኔቶ ወደ ሕፃንነት ተመልሶ፣ በ1977 እንደገና ጎልማሳ ሆኖ ነበርና ይህ ወጣትነቱን ለማስረዳት በአጋጣሚ ጠቀመ። ሆኖም የሰውነቱ ወጣትነት ከትዝታው ዕድሜ ጋር ዓመት በዓመት እየተራራቀ ነው። ከካምፑ የተረፉ እውነተኛ ሰዎች አንድ በአንድ እያለፉ ሳለ በመጽሔቱ ላይ ጠጉሩ ቢነጣም ክንዱ የፈረጠመ ሰው ይመሰክራል። ምስክር የሚከበረው ስለሚያልፍ ነው፤ ቃሉን ሳያልፍ እንድንሰማው የምንጣደፈው ለዚህ ነው። የማያልፍ ምስክር የሚያጣድፍ ነገር የለውም።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣውን መከራከሪያ ሳልጠቅስ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ጀግና ሁሉ ማርጀት የለበትም የሚሉ ሰዎች ሐሳባቸው ቀላል አይደለም። በተረታችን ውስጥ ያሉት ጦጣና ጅብ ዕድሜያቸው ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ልጅ የለም። ተረት ለአዲስ ልጅ ሁሉ አዲስ ሆኖ ሊነገር ይገባዋል። ዛሬ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ሱፐርማንን መቶ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ሆኖ ቢያገኘው አያቱን እንጂ ሕልሙን አላገኘም። ደግሞም ሱፐርማን ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ከጠፋች ፕላኔት የተረፈ ሕፃን ነው፤ ክሪፕተን የጠፋችበት ዓመት በእኛ ቀን መቁጠሪያ ላይ የለም። ስለዚህ ቢንሸራተት የሚያፈርሰው እውነት አይኖርም።

አሳታሚው ራሱ አንድ ጊዜ ለሁለቱም ወገን የሚሆን መላ አግኝቶ ነበር። ከ1961 ጀምሮ የዲሲ መጽሔቶች «ምድር ሁለት» በተባለ ሌላ ዓለም የቀድሞዎቹን ጀግኖች አኖሩ። በዚያ ዓለም ሱፐርማን ሎይስ ሌንን አግብቶ በጆሮ ግንዱ ሽበት አበቀለ። ባትማን ሴት ልጅ ወለደ፣ በ1979ም ሞተ። በአንደኛው ምድር ተረቱ፣ በሁለተኛው ምድር ሕይወቱ ይነገር ነበር። በ1985 እና በ1986 በታተመው ታላቅ ታሪክ ግን ዓለማቱ ተጠቅልለው አንድ እንዲሆኑ ተደረገ። ምክንያቱ ለአዲስ አንባቢ እንዳያደናግር የሚል ነበር። ያረጁት ጀግኖች ቦታ አጡ፤ የተረፈው ያው የማይሸብተው ሆነ።

እንግዲህ በእውነተኛ ጊዜ ማርጀት ለሥነ ጽሑፍ ምን እንደሚያተርፍ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ጆን ዋግነርና ካርሎስ ኤዝኬራ የፈጠሩት ዳኛ ድሬድ በብሪታንያው «2000 ኤ.ዲ.» ሳምንታዊ መጽሔት በ1977 ብቅ ሲል ታሪኩ የሚፈጸመው በ2099 ነበር፤ ማለትም 122 ዓመት ወደ ፊት። ከዚያ ወዲህ በእኛ ዘንድ አንድ ዓመት ባለፈ ቁጥር በእሱም ዘንድ አንድ ዓመት ያልፋል። የመጪው ዘመን ሕክምና እርጅናውን ቢያዘገይለትም ሰባን ከተሻገረ ቆይቷል። ድሬድ የሚበር ሰው አይደለም፤ ፖሊስም ዳኛም ፍርድ አስፈጻሚም የሆነ፣ ፊቱን ከራስ ቁሩ በታች የሸሸገ ጨካኝ የሕግ ሰው ነው። በ1982 በወጣው የጦርነት ታሪክ ድሬድ በገዛ እጁ ቁልፍ ተጭኖ የጠላትን ከተማ ኢስት ሜግ ዋንን ከነሕዝቧ አጠፋ። በሌላ መጽሔት ቢሆን በሚቀጥለው ወር ይረሳ ነበር። በ2011 እና በ2012 በወጣው ታሪክ ግን ከዚያች ከተማ የተረፉ ሰዎች በቀላቸውን ይዘው መጡ፤ አብዛኛው የድሬድ ከተማ ሕዝብም አለቀ። በቀሉ የመጣው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፤ በታሪኩም ሠላሳ ዓመት፣ በአንባቢውም ሕይወት ሠላሳ ዓመት። በልጅነቱ በዚያ ድል የፈነደቀ አንባቢ ጎልማሳ ሆኖ ዋጋውን አየ። ይህን ያህል ርቀት ያለው ፍርድ በሌላ በየትኛው የኮሚክ መጽሔት እንደሚገኝ አላውቅም፤ ሊገኝ የቻለውም ጊዜው ሳይታጠፍ ስለ ቀረ ነው።

በአሜሪካም ኤሪክ ላርሰን ከ1992 ጀምሮ የሚጽፈውና የሚሥለው «ሳቬጅ ድራገን» ዓመታቱን እየቆጠረ ይሄዳል። የጀግናው ልጅ ማልኮም በመጽሔቱ ገጾች ተወልዶ፣ አድጎ፣ የአባቱን ቦታ ወስዷል። ይህ ሊሆን የቻለበት አንዱ ምክንያት የጀግናው ባለቤት ላርሰን ራሱ መሆኑ ነው። ሲገልና ሹስተር በ130 ዶላር ያጡት ነገር ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ጀግናቸውን የማስረጀትና የማሳረፍ መብትም ነበር።

ፊልም ደግሞ ሳያስበው ዕድሜን ወደዚህ ዓለም መልሶ አምጥቶታል፤ የተዋናይ ፊት እንደ ሥዕል አይታጠብምና። ሂዩ ጃክማን ከ2000 ጀምሮ የተጫወተውን ዎልቨሪን በ2017ቱ «ሎጋን» ፊልም አርጅቶ፣ ቁስሉ መዳን እምቢ ብሎት ሲሞት ያየ ተመልካች ያለቀሰው ለገጸ ባሕርዩ ብቻ አልነበረም። ከተዋናዩ ጋር አብሮ ለሄደው የገዛ ዕድሜውም ጭምር ነበር።

ፍርዴን እንዲህ ላጠቃልል። ጀግና ሁሉ ይረጅ አልልም። ከማንኛውም ዘመን ያልተበደረ ጀግና፣ እንደ ሱፐርማን ያለው፣ በተረት ሕግ ሳያረጅ ቢኖር የሚጎዳው የለም። ነገር ግን ከታሪክ የተበደረ፣ ክብደቱን ከአውሽዊትዝ፣ ከኖርማንዲ ዘመን፣ ከቬትናም የወሰደ ጀግና፣ ታሪክ የሚያስከፍለውንም መክፈል አለበት። የሚከፈለው ደግሞ በዕድሜ ነው። ያርጅ፤ ከቻለ እንደ ፋንተም አባቶች ጭንብሉን ለልጁ ያውርስ፤ ካልቻለም ይረፍ። የሰውን መከራ ወስዶ ዓመቱን መፋቅ ግን መከራውን ማቅለል ነው። ዓመት የሌለው ጦርነት ማንንም አልገደለም፤ ገዳይም የለውም።

የአሜሪካ ሕግ እንዳለ ከቀጠለ በጃንዋሪ 1 ቀን 2034 የ1938ቱ ሱፐርማን የሕዝብ ሀብት ይሆናል። ያኔ ማንኛውም ደራሲ ፈቃድ ሳይጠይቅ ስለ እሱ መጻፍ ይችላል፤ የሚፈልግም ካለ ሊያስረጀው ይችላል። ሲገልና ሹስተር ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ይሆናል።